ሳሚክላውስ፦ በዓመት አንድ ቀን የሚጠመቀው ቢራ

በ1980ዎቹ የጊነስን የክብረ ወሰን መዝገብ ገልጦ የዓለምን ጠንካራ ቢራ የፈለገ ሰው፣ መልሱን ከጀርመን ወይም ከቤልጅየም ቢጠብቅ አይፈረድበትም ነበር። መዝገቡ ግን ወደ ስዊዘርላንድ ይመራው ነበር። ዙሪክ ከተማ፣ ሁርሊማን በሚባል ቢራ ፋብሪካ፣ በዓመት አንድ ቀን ብቻ 14 በመቶ አልኮል ያለው ላገር (በብርድ የሚፈላ የቢራ ዓይነት) ይጠመቅ ነበር፤ ስሙም ሳሚክላውስ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አገር ቤት የሚጠጣው ቢራ አብዛኛው 5 በመቶ አካባቢ መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ቁጥሩ ብቻውን ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ ይህ ጸሐፊ ያገኛቸው የዚያ ዘመን ቀማሾች ስለ ሳሚክላውስ ሲያወሩ ቁጥሩን የሚጠሩት ከሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚያነሡት ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ጠርሙሱ ላይ የነበረውን ዓመትና አብሯቸው የጠጣውን ሰው ነው።

የሚጠመቅበት ቀን ዲሴምበር 6 ነው፤ በምዕራቡ ክርስትና የቅዱስ ኒኮላስ ቀን። ዛሬ ቱርክ በምትባለው ምድር በአራተኛው መቶ ዘመን የሚራ ጳጳስ የነበረው ይህ ቅዱስ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ስንክሳራችን ታኅሣሥ 10 ቀን ያስበዋል። ሁለቱ ቀኖች ዛሬ በ13 ቀን ቢራራቁም በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር አንድ ናቸው። ሴቶች ልጆቹን የሚድርበት ገንዘብ ላጣ ድኻ በሌሊት ወርቅ ወርውሮለት ሳይታይ እንደ ሄደ የሚነገረው ታሪክ በምሥራቁም በምዕራቡም የታወቀ ነው። ስዊዞች ይህን ቅዱስ ሳሚክላውስ ይሉታል። በየዓመቱ በዚያ ቀን ካባውን ለብሶ፣ ጥቁር ከለበሰው ረዳቱ ከሽሙትስሊ ጋር፣ ከጫካ መጣ ተብሎ በየቤቱ ይዞራል። ሕፃናቱን ዓመቱን በምን ጠባይ እንዳሳለፉ ይጠይቃል፤ ከከረጢቱም ለውዝ፣ መንደሪንና በቅመም የተጋገረ ዳቦ ያወጣል።

የቅዱስ ስም በቢራ ጠርሙስ ላይ ማየት ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ከ1922 ጀምሮ አብሮን አለ። ሁርሊማኖችም ቢራቸውን በሚወዱት ሽማግሌ ስም ሰየሙት። መጀመሪያ የጠመቁት በ1979 ሲሆን ለገበያ ያወጡት በ1980 ነው። ዲሴምበር 6 ይጠመቃል፣ ዓመቱን በብርድ ጓዳ ሲበስል ይከርማል፣ ለሚቀጥለው ቅዱስ ኒኮላስ ይደርሳል። በዚያን ቀን አንዱ ሲከፈት ሌላው ይጣዳል።

ፋብሪካው ሥረ መሠረቱ ሩቅ ነው። በ1836 ሃንስ ሃይንሪሽ ሁርሊማን በዙሪክ ሐይቅ አጠገብ ፌልድባህ በተባለች መንደር ጀመረው፤ በ1866 ልጁ አልበርት ሃይንሪሽ ወደ ዙሪክ፣ ኤንገ ወደሚባለው ሰፈር አዛወረው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የጡብ ሕንጻዎቹ ኮረብታው ሥር ቆመው፣ የብቅሉ ሽታ ሰፈሩን ሲያውደው ኖረ። ከሀብቱ ሁሉ የከበረው ግን ሕንጻው አልነበረም፤ እርሾው ነበር። የሁርሊማን ቤተ ሙከራ የቢራ እርሾዎችን እየለየ፣ የእያንዳንዱን ጠባይ እያጠና፣ እያራባ ያስቀምጥ ነበር። በቢራ ጠማቂዎች ዘንድ የቤቱ ስም የገነነው በዚህ ነው።

ካይሮ የኖረ አንባቢ ይህን ፋብሪካ ሳያውቀው ቀምሶት ይሆናል። በግብፅ በየሱቁ የሚሸጠው ቢሬል የተባለው አልኮል አልባ ቢራ መነሻው ይኸው የዙሪኩ ሁርሊማን ነው። እርሾን እስከዚህ ያወቀ ቤት በአንድ እጁ ሰካራም የማይሰክርበትን፣ በሌላ እጁ የዓለምን ጠንካራ ላገር ያወጣ ነበር። አልኮል የሚሠራው እርሾው ነውና፣ ሁለቱም ሥራ የሚጠይቀው እርሾውን ማወቅን ነው።

እርሾ ስኳር በልቶ አልኮልና ጋዝ የሚያወጣ ሕይወት ያለው ነገር ነው። አልኮሉ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ግን ራሱን እርሾውን ያዳክመዋል፤ በመጨረሻም ይገድለዋል። የላገር እርሾ ደግሞ ብርድ ወዳድ ነው፤ 10 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ፣ ሳይቸኩል፣ እያደር ከጋኑ ሥር እየሰከነ ይሠራል። ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በ1883 ይህን እርሾ ከአንዲት ሴል ጀምሮ ንጹሑን ለብቻው ማራባት ቻለ፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚጠጣው ላገር ሁሉ የዚያ ሥራ ባለዕዳ ነው። በ2011 ደግሞ ተመራማሪዎች የላገር እርሾን ከወለዱት ሁለት ዝርያዎች አንዱን በአርጀንቲና ፓታጎንያ፣ በደን ዛፎች ላይ እንዳገኙት አስታወቁ። ላገር ብርድን የመቻል ጠባዩን ያገኘው ከዚህ የዱር ዘመዱ ነው።

ብርድን የሚችል ሁሉ ግን ብዙ አልኮልን አይችልም። የሁርሊማን ሰዎች የደከሙት በዚህ ላይ ነው፦ በብርድ እየሠራ፣ አልኮሉ 10 በመቶን ሲያልፍም ሥራውን የማይጥል እርሾ መለየት።

አገር ቤት ጠላ የጠመቀች እናት የነገሩን ግማሽ ታውቀዋለች። ድፍድፉን ስታጠብቀው ጠላው ይከርራል፤ ካልተጠነቀቀችለት ደግሞ ይሆመጥጣል። ዙሪኮች ያጠበቁት ብቅሉን ነው። ለተራ ላገር ከሚገባው ከእጥፍ በላይ የሆነ የገብስ ብቅል ይጭኑበታል፤ ከብቅሉ የወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ወፍራም ስለሚሆን እርሾው ገና ሲጀምር ይከብደዋል። የመጀመሪያው መፍላት ካለፈ በኋላ አሥር ወር ገደማ በብርድ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እርሾው እንዳይተኛ ቢራውን ከጋን ወደ ጋን እያዛወሩ ይቀሰቅሱታል። መጀመሪያ የሚሰነፍጠው አልኮል በእነዚያ ወራት ይለሰልሳል፤ ጣፋጩና ሙቀቱ ይዋሐዳሉ። ተራ ላገር በጥቂት ሳምንት ከፋብሪካ ሲወጣ ይህኛው አንድ ጋን ለአንድ ዓመት ያህል ይዞ ይቀመጣል። በዚያው ጋን በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ተራ ቢራ መጥመቅና መሸጥ ይቻል ነበር። ለነጋዴ ዓይን ሳሚክላውስ ኪሳራ ነው ማለት ይቻላል፤ ይህም ኋላ ላይ የሆነውን ለመረዳት ይጠቅማል።

ጠንካራ ላገርን ሁርሊማን አልፈጠረውም። በመካከለኛው ዘመን የሰሜን ጀርመኗ አይንቤክ ጠንካራ ቢራዋን እስከ ሩቅ አገር ትልክ ነበር፤ የባቫርያ መሳፍንትም ወደዱትና ሙኒክ ውስጥ ማስጠመቅ ጀመሩ። በ1553 ባቫርያ ከሴፕቴምበር 29 እስከ አፕሪል 23 ካልሆነ በቀር ቢራ እንዳይጠመቅ ከለከለች፤ በሙቀቱ ወራት የተጠመቀው ይበላሽ ነበርና። ብርዱን እየጠበቁ መጥመቅ ቀዝቃዛውን እርሾ አነገሠው። በሙኒክ የፓውላው ፍራንሲስ ሥርዓት መነኮሳት ከሥጋና ከወተት ዓመቱን ሙሉ የሚታቀቡ ነበሩ፤ በዐቢይ ጾም የሚደግፋቸው ወፍራምና ጠንካራ ቢራ ይጠምቁ ነበር። ይህን የሚያነብ የተዋሕዶ ጾመኛ የሚደነቅበት የለም፤ ጠላም የጾም ነው። ከእነዚያ መነኮሳት የወረደው ሳልቫቶር እስከ ዛሬ በፓውላነር ይጠመቃል።

የቅርብ ተፎካካሪው የነበረው ግን ሌላ ነው። በሰሜን ባቫርያ ኩልምባህ የሚባል የቢራ ከተማ አለ። እዚያ የሚጠመቀው ኤኩ 28 የተባለው ላገር 11 በመቶ አልኮል ነበረው፤ ስሙ ላይ ያለው 28 ከብቅሉ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ጥግግት የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሳሚክላውስ ከመምጣቱ በፊት የዓለም ጠንካራ ቢራ ሲባል የሚጠራው እሱ ነበር። ኩልምባሆች በረዶ ቢራም አላቸው። አንድ ተለማማጅ በርሚሉን ውጪ ረስቶት አድሮ፣ ውሃው በረዶ ሆኖ ከመካከሉ ጥቁር ጠንካራ ፈሳሽ ተገኘ፤ አለቃው ለቅጣት ጠጣው ቢለው ልጁ ጣፈጠው ይባላል። ታሪኩ እውነትም ይሁን ተረት ዘዴው እውነተኛ ነው፦ ከቢራው ውሃውን በማርጋት ቀንሶ የቀረውን ማክረር። ሳሚክላውስ ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። 14 በመቶው የመጣው በእርሾ ሥራ ብቻ ነው። ይህ ጸሐፊ ከሁሉ የሚያከብረው ይህንን ነው።

ጠርሙሶቹ በ1980ዎቹ ባሕር ተሻገሩ። እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ከውጭ የሚመጣ ልዩ ቢራ በሚሸጥባቸው ሱቆች መደርደሪያ ላይ ትንንሽ የሳሚክላውስ ጠርሙሶች መታየት ጀመሩ። ወሬውን ካስፋፉት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው የቢራ ጸሐፊ ማይክል ጃክሰን ነው፤ ከአሜሪካዊው ዘፋኝ ጋር የሚገናኙት በስም ብቻ ነው። በ1977 ያሳተመው የዓለም ቢራዎች መመሪያ ብዙ ጠጪዎችን ከሰፈራቸው ቢራ አውጥቶ ሌላ ዓለም ያሳየ መጽሐፍ ነው። በ2007 እስኪሞት ድረስ በየአገሩ እየዞረ ቀምሷል፣ ጽፏል። ቢራ እንደ ወይን ዓመቱ ተጠቅሶ፣ ተቀምጦ፣ ተወዳድሮ ሊቀመስ እንደሚችል ሲናገር ሳሚክላውስ ጥሩ ምስክሩ ነበር። በየጠርሙሱ የተጠመቀበት ዓመት ስለሚጻፍ የ1986ን ከ1990 አስተያይቶ መቅመስ ይቻል ነበር። ብዙዎች በየዓመቱ እየገዙ በምድር ቤት ማከማቸት የጀመሩትም ያኔ ነው።

ይህ ጸሐፊ ሳሚክላውስን የቀመሰው ከእንዲህ ያለ ክምችት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በረዶ የወረደበት የዲሴምበር ምሽት ነበር። ባለቤቱ በወጣትነታቸው አውሮፓ ተምረው ኋላ አሜሪካ የገቡ አዛውንት ናቸው፤ ቤዝመንታቸው ውስጥ፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ጀርባ፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ጠርሙሶች ያስቀምጡ ነበር። ከዶሮው በኋላ ወርደው አንዱን ይዘው መጡ። መለያው ላይ 1995 ይላል። እንግዳው ጠርሙሱን ተቀብሎ ወደ ፍሪጅ ሊወስደው ሲል ከለከሉት።

«ተው፣ ተው! እንዳታቀዘቅዘው። ብርድ አፉን ይዘጋዋል።»

«ቢራ አይደለም እንዴ ጋሼ?»

«ቢራ ነው፤ ግን እንደ ጃምቦ አይጨለጥም። ትንንሽ ብርጭቆ አምጣና ለአራት እናካፍለዋለን።»

ባለቤታቸው ብርጭቆውን አንሥተው ከመብራቱ ፊት አዩት። «አረፋውስ የት ሄደ?» አሉ። አረፋው በእርግጥ ጥቂት ነበር፤ እንደ ተቀዳ ቀጭን ቀለበት ሠርቶ ቶሎ ከሰመ። የአልኮሉ ብዛት አረፋ አያቆምም። ቀለሙ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ፣ የጠራ። ብርጭቆውን ሲያዘነብሉት ፈሳሹ ከጠርዙ ላይ ቀስ ብሎ ነበር የሚወርደው። ሽታው ከመጠጣት በፊት ሰው ያስቆማል፦ ዘቢብ፣ የደረቀ ፕለም፣ የተቃጠለ ስኳር፣ ከበስተኋላ የኮኛክ ትዝ ማለት።

መጀመሪያ ምላስ ላይ የሚያርፈው ጣፋጭነቱ ነው። ወፍራም ነው፤ ጋዙ ጥቂት ስለሆነ አይቆነጥጥም። ከዚያ ጣፋጭነቱ ሊሰለች ሲል ከሥሩ ሙቀት ይነሣል፤ ጉሮሮ ሳያቃጥል ደረት ላይ ይደርሳል። የሆፕስ ምሬት እንደ ተራ ላገር ፊት ለፊት አይወጣም፤ ጣፋጩን ለመደገፍ ያህል ብቻ አለ። ከዋጡት በኋላም አፍ ውስጥ ይቆያል። የጠረጴዛው ሰዎች ለጥቂት ጊዜ ሳያወሩ ቆዩ። ከዚያ አዛውንቱ ስለ ዙሪክ ማውራት ጀመሩ፦ በዚያ ቀን ልጆች በየበሩ ስለሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ስለ ሐይቁ ጉም፣ አገራቸውን ናፍቀው ስላሳለፉት የመጀመሪያ ክረምት። አንዷ ትንሽ ጠርሙስ ለአራት ሰው እስከ ሌሊት በቃች። ማንም አልሰከረም። ሁሉም ሞቅ አለው።

ይህን ማለት የሚያስፈልገው የጠንካራ ላገር ስም በብዙ አገር የተበላሸ በመሆኑ ነው። ካርልስበርግ በ1950 ዊንስተን ቸርችል ኮፐንሃገንን ሲጎበኙ ለክብራቸው አንድ ጠንካራ ላገር ጠመቀ፤ ቸርችል ብራንዲ ወዳድ ነበሩና ጣዕሙ ወደዚያ እንዲያዘነብል ታስቦ ነው። ስፔሻል ብሩ የተባለው ይህ ቢራ ኋላ በእንግሊዝ 9 በመቶ አልኮል ይዞ በቆርቆሮ በርካሽ ሲሸጥ በመናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚውሉ፣ ቤት የሌላቸው ጠጪዎች መጠጥ ሆነ። ለመሪ ክብር የተጠመቀ መጠጥ የመከራ ምልክት መሆኑ ያሳዝናል። በኋላ የአልኮል መጠኑ ዝቅ ተደርጓል። በቶሎ ለመስከር የሚገዛና ለመቅመስ የሚቀመጥ ቢራ ጠርሙሳቸው ላይ የሚቀራረብ ቁጥር ቢኖርም አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን የሚፈጥሩት ዋጋው፣ የአሠራሩ ጥንቃቄና የሚጠጣበት ሁኔታ ናቸው።

በሲልቨር ስፕሪንጉ ምሽት የተከፈተው የሳሚክላውስ ጠርሙስ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። በ1996 ሁርሊማን ራይንፌልደን ከሚገኘው ትልቁ የስዊስ ቢራ ፋብሪካ ከፌልድሽሎስሸን ጋር ተዋሐደ። ብዙም ሳይቆይ የዙሪኩ ጠመቃ ቆመ፤ ሳሚክላውስም አብሮ ቆመ። ዓመት ሙሉ ጋን የሚይዝ፣ በዓመት አንድ ቀን የሚጠመቅ ቢራ በሒሳብ ሠራተኛ ፊት የሚከራከርለት አላገኘም ብሎ መገመት ከባድ አይደለም። በ2000 የፌልድሽሎስሸን የመጠጥ ሥራ ራሱ በዴንማርኩ ካርልስበርግ ተገዛ። የኤንገ ሕንጻዎች ዛሬም ቆመዋል። ጉግል በአውሮፓ ካሉት ትልልቅ የምሕንድስና ቢሮዎቹ አንዱን በዚያ ግቢ ከፍቷል። ቢራ ይበስልባቸው የነበሩት የድንጋይ ቅስት ጓዳዎች ደግሞ ከ2010 ማብቂያ ጀምሮ የፍል ውሃ መታጠቢያ ሆነዋል፤ ውሃው ከግቢው ሥር ከሚፈልቀው ከፋብሪካው ምንጭ ይቀዳል። ጣራው ላይ ባለው ገንዳ ተዘፍቀው ዙሪክን ቁልቁል የሚያዩ ሰዎች አሉ። መልካም ነው፤ ሕንጻ ፈርሶ ከሚቀር ሥራ ቢለውጥ ይሻላል። ለቢራው ግን ጓዳ አልተረፈለትም።

ያኔ የቀሩት ጠርሙሶች ዋጋቸው ወጣ። ቀማሾች እርስ በርስ ይጠያየቁ ጀመር። አንዳንዶቹ ለሠርግ፣ አንዳንዶቹ ለልጅ መወለድ አስቀመጡት። አምራቹ ያቆመው ቢራ እንዲህ ተፈላጊ ሆኖ መቆየቱ ለሌላ ሰው ጥሪ ሆነ።

ጥሪውን የሰማው በላይኛው ኦስትሪያ፣ ፎርህዶርፍ አጠገብ ያለው የኤገንበርግ ግንብ ቢራ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ለገበያ መጥመቅ የጀመረው በ1681 ነው፤ ባለቤቶቹ የሽተር ቤተሰብ ናቸው። ራሱም ኡርቦክ 23 የሚባል፣ ወራት በብርድ የሚከርም ጠንካራ ላገር ስለነበረው መንገዱ አልጠፋበትም። በ2000 ከሁርሊማን የድሮ ጠማቂዎች ጋር ሆኖ ሳሚክላውስን እንደገና ጠመቀ፤ ያው ዲሴምበር 6፣ ያው 14 በመቶ፣ ያው የአሥር ወር ትዕግሥት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይጠምቀዋል፤ ከጥቁሩ ሌላ ፈካ ያለም አውጥቷል። የድሮውን የሚያስታውሱ ሰዎች የኦስትሪያው ጣፋጭነቱ ያይላል ሲሉ ይሰማል። ይህ ጸሐፊ ሁለቱን ቀምሷል፤ የአዲሱ ጣፋጭነት ዓመታት ሲያልፉት እንደሚሰክን ያምናል። ቤተሰብ የያዘው ፋብሪካ ትልቁ ኩባንያ የጣለውን አንሥቶ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሳያቋርጥ ማቆየቱ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው።

የክብረ ወሰኑ ነገር ግን ወደ ሌላ ሄደ። ሳሙኤል አዳምስ የተባለው የአሜሪካ ቢራ በ1994 ላገር ባልሆነ ዓይነቱ 17.5 በመቶ ደረሰና ሳሚክላውስን አለፈው፤ እሱም በእርሾ ነበር። በ2009 የስኮትላንዱ ብሩዶግና የጀርመኑ ሾርሽብሮይ ፉክክር ሲይዙ ግን እርሾው ተረሳ። አንዱ 32 በመቶ ሲል ሌላው 40 አለ፤ 41፣ 43 እየተባለ ቀጠለ። ሁሉም ቢራውን እያረጉ በረዶውን በማውጣት የተገኘ ነው። በ2010 ብሩዶግ 55 በመቶ የሆነውን በተሞሉ የሽኮኮና የሌሎች ትንንሽ እንስሳት በድኖች ውስጥ ከትቶ ሸጠው። ዓለም ጉድ አለ፤ የቀመሰው ግን ጥቂት ነው፤ ጣዕሙን የሚያወራለት ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በዚህ ጸሐፊ ፍርድ ያ ፉክክር ለቢራ ያተረፈው የለም። መጠጥ በቁጥር ብቻ ከተመዘነ አረቄ ከጥንትም ያሸንፋል፤ በማርጋትና በማጠራቀም የተገኘ ቁጥርም የጠማቂን ሙያ አያሳይም። ሳሚክላውስ የሚከበረው ላገር የተባለውን ብርድ ወዳድ እርሾ ሊሄድ የሚችልበት ዳር ድረስ አክብሮ ስለወሰደው ነው።

ሳሚክላውስ ዛሬም በአውሮፓና በአሜሪካ ልዩ ልዩ ቢራ በሚሸጡ ሱቆች ይገኛል፤ በተለይ ከኅዳር ማብቂያ ጀምሮ ጠይቁ። ስትገዙ መለያው ላይ ያለውን ዓመት እዩ፤ አሮጌው ሳይበላሽ ይቆያልና አትፍሩት፣ እንዲያውም ይሻላል። ከፀሐይ በራቀ ቀዝቃዛ ቦታ አቁማችሁ አስቀምጡት። ስትከፍቱት 12 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ ከፍሪጅ ካወጣችሁት ግማሽ ሰዓት ጠብቁት። ለብቻ አይከፈትም፤ የ33 ሳንቲ ሊትሩ ጠርሙስ ብቻውን ወደ ሦስት የሚጠጉ ተራ ቢራዎችን አልኮል ይይዛል፤ ጣፋጭነቱ ይህን ስለሚሸፍነው ሳያስታውቅ ይይዛል። እንግዳ ከጠራችሁም ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት የመኪናውን ቁልፍ ለማይጠጣው ሰው ስጡት።